ልብ እየመታ ኳስ መምታት



የዛሬው ርዕሳችን ከውድድር በፊት የሚይዘን ፍርሃት ነው። ስለ ፍርሃት በደፈናው ከማውራት አንድ ጨዋታ ይዘን እንሂድ፤ ጨዋታውም ፒክልቦል ነው። ይህን የመረጥኩት በምክንያት ነው። በአሜሪካ የምትኖሩ አድማጮቻችን በየመናፈሻው ትጫወቱታላችሁ ወይም ሰዎች ሲጫወቱት ታያላችሁ። በጉልምስና ዕድሜው ሰውን ወደ ሜዳ የሚያወጣ ጨዋታ ነው። ታዲያ በሕይወቱ ተወዳድሮ የማያውቅ ሰው፣ በሃምሳ ዓመቱ ስሙ በተወዳዳሪዎች ዝርዝር ውስጥ ሲወጣ የሚሰማው ድንጋጤ ቀላል አይደለም። ውድድሩ ቅዳሜ ነው፤ ሆዱ ግን ከሐሙስ ጀምሮ እረፍት ያጣል። ማንም ቁጭ አድርጎ ይህ ምንድን ነው ብሎ አላስረዳውም። እኔ ዛሬ ማስረዳት የምፈልገው ለዚህ ሰው ነው።

ጨዋታውን ለማታውቁት ባጭሩ ልናገር። ሜዳው 13.4 ሜትር በ6.1 ሜትር ነው፤ የባድሜንተን ሜዳ ልክ። መረቡ ዳር ዳሩ ላይ 91፣ መሐሉ ላይ 86 ሴንቲ ሜትር ከፍታ አለው። ኳሷ ቀዳዳ ቀዳዳ ያላት ቀላል ፕላስቲክ ናት፤ መምቻው ፓድል የሚባል፣ ከጠረጴዛ ቴኒስ ራኬት ተለቅ ያለ ጠፍጣፋ ነገር ነው። ከመረቡ ወዲህና ወዲያ 2.13 ሜትር የሚሆን ቦታ ኪችን ይባላል፤ እዚያ ውስጥ ቆሞ ኳስን ሳትነጥር በአየር ላይ መምታት አይፈቀድም። ጨዋታው የተጀመረው በ1965 በጋ ላይ፣ ከሲያትል በመርከብ 35 ደቂቃ ያህል በምትርቀው ቤይንብሪጅ ደሴት ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ጆኤል ፕሪቻርድና ቢል ቤል የሚባሉ የቤተሰብ ኃላፊዎች፣ የሚሠሩት አጥተው የተሰላቹ የቤታቸውን ሰዎች ለማጫወት ያገኙትን ሁሉ አሰባስበው ፈጠሩት፤ ባርኒ ማካለም ተጨምሮ ሕጉን አብረው አበጁ። ለቤተሰብ ጨዋታ ተብሎ የተፈጠረ ነገር ነው እንግዲህ፤ ዛሬ ዳኛ፣ ሜዳሊያና የደረጃ ቁጥር አለው።

ማክሰኞ ማታ ከጓደኞቻችሁ ጋር የምትጫወቱበት ሜዳና ቅዳሜ የምትወዳደሩበት ሜዳ በአንድ ጣት እንኳ አይበላለጡም። መረቡ ያው፣ ኳሷም ያችው ናት። የተለወጠው ውጤቱ መመዝገቡና ሰው ማየቱ ብቻ ነው። ሰውነት ግን ይህን እንደ ትልቅ ጉዳይ ይቆጥረዋል። ከኩላሊት በላይ ያሉት ዕጢዎች አድሬናሊን ወደ ደም ይለቃሉ። ልብ ይፈጥናል። ደም ከሆድ ዕቃና ከቆዳ ተቀንሶ ወደ ትልልቆቹ ጡንቻዎች ይሄዳል፤ ሆድ የሚገላበጠው፣ ጣት የሚቀዘቅዘው ለዚህ ነው። ትንፋሽ ያጥራል፣ መዳፍ ያልባል፣ ጡንቻ ይወጠራል። የሃርቫርዱ ዋልተር ካነን ከመቶ ዓመት በፊት ይህን ሁኔታ ሲያጠና ሰውነት ለመዋጋት ወይም ለመሸሽ የሚያደርገው ዝግጅት መሆኑን አስረድቷል። ስለዚህ ጠዋት ሜዳ ዳር ቆማችሁ እጃችሁ ሲርድ ብታዩ፣ ሰውነታችሁ እየከዳችሁ አይደለም፤ ሥራ እንዳለ አውቆ ቀድሞ ተነስቷል።

የቅርጫት ኳስ ወዳጆች ቢል ራስልን ታስታውሱታላችሁ። ከቦስተን ሴልቲክስ ጋር በ13 የውድድር ዘመን 11 ጊዜ ሻምፒዮን የሆነ ሰው ነው። ራስል ከትልልቅ ጨዋታዎች በፊት ያስታውክ ነበር። የቡድን ጓደኞቹ ድምፁን ከመልበሻ ክፍሉ ሲሰሙ ደስ ይላቸው እንደነበር ተናግረዋል፤ ራስል ዛሬ ተዘጋጅቷል ማለት ነዋ! ያን ያህል ዋንጫ ያነሳ ሰው ፍርሃቱ ለቆት አያውቅም ነበር። ይህን የምነግራችሁ መፍራታችሁን እንደ ችሎታ ማነስ እንዳትቆጥሩት ነው። ከዚህ ሁሉ ትልቁ ጉዳት የሚመጣው ከዚያ ነው ብዬ አምናለሁ፦ ሰውየው ጠዋቱን ሙሉ ፍርሃቱን ለማባረር ሲታገል ይደክምና ጨዋታው ሳይጀመር ጉልበቱን ይጨርሳል።

በ2014 የሃርቫርድ ተመራማሪዋ አሊሰን ዉድ ብሩክስ ያሳተመችው ጥናት ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። ሰዎችን በሰው ፊት አዘፈነች፣ ንግግር አስደረገች፣ የሒሳብ ፈተና ሰጠች። ከመጀመራቸው በፊት ራሳቸውን “ጓጉቻለሁ” እንዲሉ የተነገራቸው፣ “ተረጋግቻለሁ” ወይም “ጨንቆኛል” ካሉት የተሻለ ሠሩ። ልባቸው ግን ያው ይመታ ነበር፤ አልቀነሰም። ምክንያቱ ለማስተዋል አይከብድም። እየዘለለ ያለን ልብ ተረጋጋ ማለት ሩቅ መንገድ ነው፤ ጉጉትና ፍርሃት ግን ሰውነት ውስጥ ሲታዩ እጅግ ይቀራረባሉና ከአንዱ ወደ ሌላው መሻገር አጭር ነው። እኔም የምመክረው ይህንኑ ነው። መኪና ውስጥ፣ ሜዳ ስትደርሱ፣ ስማችሁ ሲጠራ፣ በድምፅ ጓጉቻለሁ በሉ። ለዚህ ነው የተመዘገብኩት በሉ።

አሁን ግን አንድ ነገር ልለይላችሁ፤ ከዛሬው ትምህርት ይህን በደንብ ያዙልኝ። ራይነር ማርተንስና ባልደረቦቹ በስፖርተኞች ላይ ባደረጉት ጥናት ሁለት ዓይነት ጭንቀት ለይተዋል። አንዱ የሰውነት ነው፤ የልብ ምት፣ የሆድ መረበሽ፣ የእጅ ላብ። ሁለተኛው የሐሳብ ነው፤ “ብሸነፍስ፣ ሰው ምን ይለኛል፣ ተጣማሪዬን ባሳፍርስ” የሚለው። የሰውነቱ ወደ ውድድሩ ሰዓት ሲቃረብ ከፍ ይልና ጨዋታው ሲጀመር አብዛኛውን ጊዜ ይወርዳል። የመጀመሪያዎቹን ሦስት አራት ነጥቦች ካለፋችሁ በኋላ እጃችሁ የሚላቀቀው ለዚህ ነው። የሐሳቡ ግን ጨዋታው መሐል ተመልሶ ይመጣል፤ ውጤቱ ሲቀያየር እሱም ይነሳል። ሁለቱ ፍርሃቶች ሁለት ናቸውና መድኃኒታቸውም ይለያያል።

ለሰውነቱ ከሁሉ የሚቀርበን መሣሪያ ትንፋሽ ነው። አየር ስናስገባ ልብ ትንሽ ይፈጥናል፤ ስናስወጣ ይዘገያል። ይህን የሚያደርገው ከአንጎል ወርዶ ልብን የሚያዘው ቬገስ የሚባለው ነርቭ ነው። ስለዚህ አወጣጡን ከአገባቡ ማስረዘም ነው ጥበቡ። በአፍንጫችሁ እስከ አራት እየቆጠራችሁ አስገቡ፤ በአፋችሁ ቀስ ብላችሁ እስከ ስድስት ወይም ሰባት እየቆጠራችሁ አስወጡ። አምስት ስድስት ጊዜ ይበቃል። ደረት ነፍቶ በኃይል መተንፈስ ግን አይረዳም፤ ራስ ያዞራል። ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ የውድድሩ ዕለት አትሞክሩት፤ ማታ ማታ አልጋ ላይ ተለማመዱት።

ሌላው እጅ ነው። ፒክልቦል ውስጥ ፍርሃት ከሁሉ በላይ የሚያበላሸው የእጅ አያያዝን ነው። ስንፈራ ፓድሉን ጨምቀን እንይዛለን፤ ክንዳችን ይገረራል። ከኋላ መስመር ለሚመታ ጠንካራ ኳስ ይህ ያን ያህል አይጎዳም። ኪችን መስመር ላይ ቆመን ከመረቡ በላይ ዝቅ አድርገን በለሆሳስ ለምናሳልፋት ኳስ፣ ተጫዋቾች ዲንክ ለሚሏት፣ ግን መርዝ ነው። የተጨመቀ ፓድል ኳሷን ከፍ አድርጎ ይሰዳታል፤ ተጋጣሚው ደግሞ ከፍ ያለች ኳስ ነው የሚጠብቀው፤ አንዴ ቀጥቅጦ ይጨርሳታል። ፈሪው ተጫዋች ታዲያ ዲንኬ ጠፋብኝ ይላል። ዲንኩ አልጠፋም፤ ክንዱ ነው የደረቀው። ፓድሉን ከጀበና ወደ ሲኒ ቡና በሚቀዳ እጅ ያዙት፤ እንዳይወድቅ የጠበቀ፣ ቀጭን አድርጎ ለማፍሰስ የላላ። በየነጥቡ መካከል ፓድሉን ወደ ሌላኛው እጅ አዛውራችሁ ጣቶቻችሁን አንዴ ዘርጉ። ጠዋት ቀዝቃዛ ከሆነ እጃችሁን በኪስ ወይም በጓንት አሙቁ፤ የፍርሃት ጣት በራሱ ቀዝቃዛ ነው፣ ብርዱ ተጨምሮበት ምንም አይሰማውም።

ወደ ሐሳቡ ፍርሃት እንሂድ። ይህ የሚከፋው ሰርቭ ላይ፣ ማለትም ጨዋታውን በሚያስጀምረው ምት ላይ ነው። ሜዳው ጸጥ ይላል፣ ሁሉም እናንተን ያያል፣ ኳሷ በእጃችሁ ናት። ብዙ ሰው “ብቻ መረብ ላይ እንዳልመታት” ይልና መረብ ላይ ይመታታል። ዳንኤል ዌግነር የሚባለው የሥነ ልቦና ተመራማሪ በ1987 ሰዎችን ስለ ነጭ ድብ እንዳታስቡ ብሎ አዝዞ ነጩ ድብ ከአእምሯቸው አልወጣ እንዳላቸው አሳየ። በኋላም ከባልደረቦቹ ጋር ጎልፍ ላይ ሞከረው፤ ኳሷን ከጉድጓዱ እንዳታሳልፉ የተባሉት ሰዎች፣ አእምሯቸው ቁጥር በመያዝ ሥራ ሲጨናነቅ ይበልጥ አሳለፏት። ፍርሃትም አእምሮን ያጨናንቃል። እንግዲህ አእምሯችሁን “አታድርግ” ብላችሁ አትላኩት፤ የሚሄድበት ቦታ ስጡት። “መሐል ለመሐል፣ ከኋላ መስመር አንድ ሜትር ወዲህ።” ዓይናችሁም እዚያው ቦታ ላይ ይረፍ።

እዚህ ላይ ሕጉ ራሱ የሚያጽናና ነገር አለው። በተለመደው አቆጣጠር ነጥብ የሚያገባው ሰርቭ የያዘው ወገን ብቻ ነው። ሰርቭ ብታበላሹ ተጋጣሚያችሁ ነጥብ አያገኝም፤ የእናንተ ተራ ያልፋል እንጂ። የተጋጣሚያችሁን ሰርቭ መመለስ ቢያቅታችሁ ግን ነጥብ ሰጣችሁ ማለት ነው። ሰው ግን የሚርደው ሰርቩ ላይ ነው፤ ሲመልስ ይዝረከረካል። እኔ ብሆን ጭንቀቴን አዛውረው ነበር። ሰርቩን በጤናማ ምት ወደ መሐል መላክ፣ ስመልስ ግን ከፍ አድርጌ ወደ ኋላ ማራቅ። ከፍ ያለች ሩቅ ኳስ ወደ ኪችን መስመር ለመድረስ ጊዜም ትሰጣለች። አንዳንድ ውድድሮች በየምቱ ነጥብ የሚሰጥ ሌላ አቆጣጠር ይጠቀማሉና ስትመዘገቡ አጣሩ።

ሌላም አለ። ውጤቱ ከተጠራ በኋላ ሰርቭ ለማድረግ 10 ሰከንድ አላችሁ። ፈሪ ሰው ከዚህ ውስጥ ሁለቱን ብቻ ተጠቅሞ ይገላገላል። አትቸኩሉ። ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ቅደም ተከተል ይኑራችሁ፦ ከመስመሩ ጀርባ ቁሙ፣ አንዴ ረጅም ትንፋሽ አስወጡ፣ የምትልኩበትን ቦታ እዩ፣ ከዚያ ምቱ። ማክሰኞ ማታም እንዲሁ፣ ቅዳሜም እንዲሁ። የጥንድ ጨዋታ ሲከፈት “ዜሮ፣ ዜሮ፣ ሁለት” ተብሎ የሚጠራው ውጤት ራሱ የዚህ ሥርዓት መጀመሪያ ሊሆናችሁ ይችላል።

የእጅና የእግር አሠራርን ስለ ማሰብ ደግሞ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ሲየን ባይሎክና ባልደረቦቿ በ2002 ባሳተሙት ጥናት ልምድ ያላቸው ጎልፍ ተጫዋቾች የእጃቸውን እንቅስቃሴ ሲከታተሉ ባሱ፤ ኳስ በመንዳት የተፈተኑ ጀማሪ እግር ኳስ ተጫዋቾች ግን እንቅስቃሴያቸውን ሲከታተሉ ተሻሉ። ስለዚህ ገና ስድስት ወር የተጫወተ ሰው “ጉልበቴን ላጥፍ” ቢል ይጠቅመዋል። ለዓመታት የተጫወተ ሰው ግን በውድድሩ ዕለት የእጁን አንጓ መመርመር ከጀመረ ራሱ ራሱን ያሰናክላል። ለእሱ ቦታውን ማየት ይበቃዋል፤ እጁ መንገዱን ያውቃል።

ጥንድ ሆነው ለሚጫወቱ ተጣማሪ ትልቅ ነገር ነው፤ እኛ ሐበሾች ደግሞ ይሉኝታችን እዚህ ላይ ይበረታል። አንድ ወጣት ከአንድ ጎልማሳ ጋር ተጣምሮ ሲጫወት አስቡት። ኳስ በሳተ ቁጥር “ይቅርታ ጋሼ፣ ይቅርታ ጋሼ” ይላል። አምስተኛው ይቅርታ ላይ ጋሼም መጨነቅ ይጀምራሉ፤ ልጁም ቀጣዩን ኳስ ሳይሆን የእሳቸውን ፊት ያያል። ከጨዋታው በፊት ተቀምጣችሁ ተነጋገሩ። “ጋሼ፣ ዛሬ ይቅርታ አልጠይቅዎትም፣ ቅር እንዳይልዎት።” “እሺ ልጄ፣ እኔም አልጠይቅህም። ከሳትን ፓድል ነካክተን ቀጣዩ እንበል።” ይኼው ነው። በመካከላችሁ የምትመጣውን ኳስ ማን እንደሚወስዳት፣ ታይም አውት ማን እንደሚጠይቅም አብራችሁ ወስኑ። እስከ 11 በሚሄድ ጨዋታ ለእያንዳንዱ ወገን ሁለት ታይም አውት አለ፣ አንድ አንድ ደቂቃ። ተጋጣሚ አራት ነጥብ በተከታታይ ሲያገባ ታይም አውቱን ቆጥቦ የሚሸነፍ ሰው ያሳዝነኛል፤ ለመቼ ሊሆነው ነው?

እንዲህ ያለውን አስቀድሞ የመወሰን ዘዴ ፒተር ጎልዊትዘር የሚባለው ተመራማሪ ለዓመታት አጥንቶታል፤ “እንዲህ ከሆነ፣ እንዲህ አደርጋለሁ” ብሎ መቁረጥ። በ2008 ከባልደረቦቹ ጋር ቴኒስ ተጫዋቾች ላይ ሞክረውት ውጤት አሳይቷል። “ሁለት ሰርቭ በተከታታይ ከሳትኩ፣ ሦስተኛውን ፍጥነቱን ቀንሼ መሐል እልካለሁ።” “ተመልካች ሲጮህ ከሰማሁ፣ የኳሷን ቀዳዳ አያለሁ።” ሦስት ያህሉን ከውድድሩ በፊት በነበረው ምሽት በወረቀት ጻፉ። ከዚያ በላይ አይታወስም።

ቦርሳችሁንም ያኔውኑ ሸክፉ፤ ጫማ፣ ተለዋጭ ካልሲ፣ ፎጣ፣ ውኃ፣ ካለ ሁለተኛ ፓድል። እንቅልፍ እምቢ ካላችሁ ከእንቅልፉ ጋር አትጣሉ። አንድ ሌሊት ጥቂት የተኛ ሰው መጫወት ይችላል፤ “አልተኛሁምና አለቀልኝ” የሚለው ሐሳብ ከእንቅልፍ ማጣቱ የበለጠ ያደክማል።

የውድድር ቀን ረጅም ነው። በአንድ ጨዋታና በሌላው መካከል አንድ ሁለት ሰዓት መቀመጥ አለ፤ ፍርሃት የሚፋፋው በዚህ ጊዜ ነው። የሌሎችን ጨዋታ እያዩ ራስን ማነጻጸር ጉልበት ይጨርሳል። ጥላ ፈልጋችሁ አረፍ በሉ፣ ከቤተሰብ ጋር አውሩ፣ ስማችሁ ሊጠራ ሩብ ሰዓት ሲቀረው ተነስታችሁ ሰውነታችሁን አሙቁ። የተጨነቀ ሆድ ከባድ ምግብ አይቀበልምና በሶ፣ ሙዝ፣ ቴምር በትንሽ በትንሹ ይሻላል፤ ሁሉም የጾም ናቸው። ስለ ቡና ደግሞ እውነቱን ልንገራችሁ። የለመዳችሁትን ጠጡ፣ አትጨምሩ። ካፌይን ራሱ ልብ ያስመታል፣ እጅ ያንቀጠቅጣል፤ ፍርሃት ላይ ሲደረብ የትኛው የትኛው እንደሆነ አይለይም። በሌላ በኩል በየቀኑ የሚጠጣ ሰው በዚያን ዕለት ብቻ ቢተወው ራሱን ያመዋል።

ውድድራችሁ ገና ሳምንታት የሚቀሩት ከሆነ የተሻለ ነገር አለ። የኔዘርላንዱ ተመራማሪ ራውል አውደያንስና ባልደረቦቹ በመለስተኛ ጭንቀት ውስጥ የተለማመዱ ሰዎች፣ ከፍ ያለ ጭንቀት ሲገጥማቸው ችሎታቸው እንደማይከዳቸው አሳይተዋል። ልምምዳችሁን ጥቂት አስጨናቂ አድርጉት። ጨዋታውን 6 ለ9 እየተመራችሁ ጀምሩ። የማታውቁትን ሰው ተጣማሪ አድርጉ። ቤተሰቦቻችሁን መጥታችሁ እዩን በሏቸው። የተሸነፈው ለሁሉም ሻይ ይጋብዝ። ፍርሃት ሲመጣ የምታውቁት እንግዳ ይሁን።

ከመሰናበቴ በፊት ሁለት ማሳሰቢያ አለኝ፤ እባካችሁ በጥሞና ስሙኝ። የመጀመሪያው ስለ መድኃኒት ነው። የልብ ምት የሚቀንስ፣ ፕሮፕራኖሎል የሚባል ክኒን መድረክ ለሚፈሩ ሰዎች በሐኪም ይታዘዛል። ይህን ከጓደኛ ተቀብላችሁ አትዋጡ። አስም ላለበት ሰው አደገኛ ነው፤ የልብ ምቱ ከድሮም ዝቅ ላለ ሰውም እንዲሁ።

ሁለተኛው ከፍርሃት ጋር ስለሚምታታ ሕመም ነው። ልብ ቢመታ፣ እጅ ቢርድ፣ ሆድ ቢገላበጥ ጨዋታው ሲጀመር ይቀልላል ብያለሁ። ደረትን የሚጫን ወይም የሚያጣብቅ ሕመም፣ ወደ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ የሚሄድ ሕመም፣ ስታርፉ የማይመለስ የትንፋሽ ማጠር፣ ቀዝቃዛ ላብና ራስን መሳት ግን ፍርሃት ነው ተብለው አይታለፉም። ጨዋታውን ወዲያው አቁሙ፣ ተቀመጡ፣ አዘጋጆቹን ጥሩ፤ አሜሪካ ያላችሁ 911 ይደወልላችሁ። ተጣማሪዬን አላሳፍርም ብላችሁ ነጥብ ለመጨረስ አትቁሙ። የደም ግፊት ወይም የልብ መድኃኒት የምትወስዱ ደግሞ ከመመዝገባችሁ በፊት፣ ይህን ያህል ሰዓት በፀሐይ ልወዳደር ነው ብላችሁ ሐኪማችሁን ጠይቁ።